ስምንተኛው ደቂቃ

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ዳይሬክተሩ ዛሬ አስጠርተውኝ ገና ሳልቀመጥ አንድ ደብዳቤ አቀበሉኝ። ባለፈው ወር አባቱ እዚህ ሆስፒታላችን ውስጥ የሞተበት ሰው የጻፈው አቤቱታ ነው። ነርሷ የአባቱን መሞት የነገረችው የሌላ በሽተኛ ጉሉኮስ እየቀየረች፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር ነው ይላል። መጨረሻው ላይ «ሕክምናውን አልከስም፤ የጎደለው ሰብዓዊነት ነው» ብሏል።

«ይህን የጎደለውን ነገር ለካልኝ» አሉኝ። «ማን ጋ እንዳለ፣ ማን ጋ እንደሌለ ይታወቅ። እስከ መጋቢት መጨረሻ።»

«ለመለካት መጀመሪያ ምን እንደሆነ መስማማት አለብን» ስላቸው «የሥነ ልቦና ባለሙያው አንተ ነህ። አታውቀውም እንዴ?» አሉ። አውቀዋለሁ አልኩ። ደረጃው ላይ ቆም ብዬ ሳስበው ግን የማውቀው በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ፍቺውን ነው።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለዚህ ሥራ ነው። ሐሳቤ እንዳይበተን። የግል ነገር አይገባበትም።


የካቲት 6፣ ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ቃል ስፈልግ ዋልኩ። «ርኅራኄ» ከላይ ወደ ታች የሚፈስ ነው፤ ቆሞ ያለ ሰው ለወደቀው የሚሰጠው። «ሐዘኔታ» ከሩቅ ነው። «ሆደ ቡቡ» ብንል እንባ የቀረበው ሁሉ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ነው። «አንጀቴን በላው» ስንል ደግሞ ሥራውን የሠራው የተጎዳው ሰው ነው፤ እኛማ የተበላን ነን።

በመጨረሻ እንዲህ ጻፍኩ፦ ሌላው ሰው ምን እንደተሰማው ማወቅ፤ ካወቁ በኋላ ጥቂቱን መጋራት፤ ሲጋሩም ስሜቱ የእርሱ እንጂ የራስ አለመሆኑን አለመርሳት። ሦስት ነገር።

ወስጄ ለጋሽ ቁጥር አሳየሁት። የስታቲስቲክስ ባለሙያችን ነው፤ ሆስፒታሉ በሙሉ በዚህ ስም ነው የሚጠራው፣ እሱም ለምዶታል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አነበበና፣ «አራተኛውስ የት ሄደ?» አለኝ።

«የቱ አራተኛ?»

«ካወቅክና ከተጋራህ በኋላ የምታደርገው።»

«እሱ ምግባር ነው። የእኛ ርዕስ አይደለም» አልኩት።

«ተወው ካልክ እንተወዋለን» አለና ወረቀቱን መለሰልኝ። የሚያሾፍብኝ ይመስለኛል። ፍቺው ግን ጥሩ ነው።


የካቲት 9፣ እሁድ

የግል ነገር አልጽፍም ብዬ ነበር። እሁድ ስለሆነ ነው።

እንደ ሁልጊዜው ብርቱካን ገዝቼ አባባ ቤት ሄድኩ። አባባ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ከወደቁ ስድስት ዓመት ሞላቸው። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። የቀሯቸው ቃላት ሦስት ናቸው፦ «እሺ»፣ «አይ» እና «ነይ»። «ነይ» የሚሉት ታላቅ እህቴን ነው። እታለም አብራቸው ትኖራለች፤ መምህርነቷን የተወችውም ያኔ ነው። ማንም አላስገደዳትም። «እኔ እይዛቸዋለሁ» ያለችው ራሷ ናት። ይህን ለምን እንደምጽፈው አላውቅም።

ስደርስ ጎረቤቷ በረንዳው ላይ ነበረች። «መቼ ነው ታዲያ የምትተኚው?» ስትላት ሰማሁ። እታለም «ሰው ሳገኝ ነዋ» አለች። እኔን ሲያዩ ወሬው ተቋረጠ። እውነትም ደክሟታል፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። «አባባ ሲያሸልቡ አንቺም ጋደም በይ እንጂ» አልኳት።

«እሺ ሊቁ» አለችኝ። ሊቁ የምትለኝ አንደኛ ክፍል ከገባሁ ጀምሮ ነው።

አባባን ስታገላብጥ በግራ እጇ ብቻ ነበር። ስድስት ዓመት የሠሩት ሥራ እንዲህ ይቀላል ማለት ነው።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆየሁ። አንድ ሰዓት ተኩል።


የካቲት 13፣ ሐሙስ

መጠይቁ ተሞላ። ሃያ ዓረፍተ ነገር፣ አርባ ነርስ፣ ከመቶ የሚታሰብ። ሁሉም ከሻይ ዕረፍታቸው ቆርሰው ነው የሞሉት። «ለጥናት ብቻ ነው» አልኳቸው፤ ፎርሙም ይላል።

ከቀዶ ጥገና ክፍል አንዲት ነርስ አለች፤ ስለማትስቅ ባልደረቦቿ ደረቋ ይሏታል። «የታካሚዬ ሕመም ሁልጊዜ ይሰማኛል» ለሚለው «ፈጽሞ አልስማማም» ላይ ምልክት አድርጋ ጠርዙ ላይ ጻፈችበት፦ «ሁልጊዜ ቢሰማኝ ኖሮ መርፌ መውጋት አልችልም ነበር።» ለጠርዝ ጽሑፍ ነጥብ የለም። 47 አገኘች፤ ከታች አራተኛ።

ለሙከራ ብዬ እኔም ሞላሁት። 92። ጋሽ ቁጥር አየና «እንኳን ደስ አለህ፤ ከዚህ በኋላ የሚቀርህ ክንፍ ማብቀል ነው» አለ። ጥያቄዎቹን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ የእኔ ውጤት አይቆጠርም። የሞላሁት ግን በሐቅ ነው።


የካቲት 20፣ ሐሙስ

ዳይሬክተሩ ጊዜያዊ ውጤቱን ጠየቁኝ። ከነስሙ። ጊዜያዊ መሆኑን ከላይ በደማቅ ጽፌ ሰጠሁ።


የካቲት 21፣ ዓርብ

ፎርሙ «ለጥናት ብቻ» ይላል። ጥናቱን ያዘዙት ግን ዳይሬክተሩ ናቸው። ስለዚህ ውጤቱን ማየታቸው የጥናቱ አካል ነው ማለት ይቻላል።

ይቻላል።


የካቲት 25፣ ማክሰኞ

መጠይቅ ብቻውን እንደማይበቃ ከመጀመሪያውም አውቄዋለሁ። ሰው ስለ ራሱ ደግነት ሲጠየቅ ማን ነው ክፉ ነኝ የሚል። ስለዚህ ሁለተኛ መለኪያ እያዘጋጀሁ ነው። ስድስት ሰዎች ከባድ ጊዜ ያሳለፉበትን ታሪክ ለካሜራ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ደቂቃ ይናገራሉ። ከዚያ የራሳቸውን ቪዲዮ እያዩ፣ የሬዲዮ ድምፅ መቀነሻ የምትመስል ማዞሪያ ይዘው፣ በየቅጽበቱ ምን ተሰምቷቸው እንደነበር ያሳያሉ፤ አንድ ማለት በጣም ከፍቶኝ ነበር፣ ዘጠኝ ማለት በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ነርሶቹም ያንኑ ቪዲዮ አይተው በዚያችው ማዞሪያ ሰውየው ምን እንደተሰማው ይገምታሉ። ሁለቱ መስመሮች ተደራርበው ሲሄዱ፣ ገማቹ ሰውየውን አውቆታል ማለት ነው። የሚለካው የራስ ምስክርነት ሳይሆን መግጠሙ ነው።

ጋሽ ቁጥር እንኳ «ይሄ ይሻላል» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ሽልማት ነው።

ስብሰባ ላይ ሳለሁ እታለም ሁለት ጊዜ ደውላ ነበር። ስመልስላት «ምንም አይደል፣ ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» አለች። ደኅና ናቸው ማለት ነው።


የካቲት 28፣ ዓርብ

አምስት ሰው ተቀርጿል። ስድስተኛው፣ እግሩን ያጣው ሾፌር፣ ሐሳቤን ለውጫለሁ አለ። መብቱ ነው። ግን በየት በኩል ሌላ ሰው ላገኝ ነው? ከሰኞ በኋላ ነርሶቹ ማየት መጀመር አለባቸው።

እታለምን ብጠይቃትስ? መምህር ስለነበረች ንግግር ትችላለች። ነርሶቹም አያውቋትም።


የካቲት 30፣ እሁድ

«እኔን? ምን ልናገር እኔ?» ብላ ሳቀች። አባባ የወደቁበትን ቀንና ከዚያ ወዲህ ያለውን ተናገሪ አልኳት። ፀጉሯን አበጠረች፣ ሰማያዊ ሹራቧን ለበሰች፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ጎረቤቷ አባባ ዘንድ ቆየችልን።

አሥራ ሁለቱን ደቂቃ ሳትደናቀፍ ተናገረች። አባባ መታጠቢያ ቤት ወድቀው በሩን በትከሻዋ ገፍታ እንደከፈተችው፣ ሰውነታቸው በሩን ደግፎት እንደነበር፣ ስትገፋ የምትገፋው እርሳቸውን መሆኑን እያወቀች እንደገፋች። ይህን አላውቅም ነበር። ነግራኝ አታውቅም። ወይም ነግራኝ ይሆናል።

ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ስለኔ ተናገረች። «ወንድሜ እሁድ እሁድ ይመጣል፣ ብርቱካን ይዞ። ጥሩ ሰው ነው፣ ሥራ ይበዛበታል። እኔ መተኛት ነበረብኝ፤ ብቻ አባባን ማን ይዞልኝ። እሱን ደግሞ ማስቸገር አልወድም።» እጇን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ነበር፣ ሲበርዳት እንደምታደርገው። ካሜራው ኋላ ቆሜ ልቤ ተነካ። ስንት ወንድም ነው ከእህቱ እንዲህ የሚመሰገን።

ከዚያ ቪዲዮዋን እያየች ማዞሪያውን አዞረች። እንደ ደንቡ እኔ ሌላ ክፍል ሆኜ ጠበቅኩ። ስትጨርስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ራስን ማየት እንዴት ያስጠላል» አለችኝ።

ቤት ስገባ እኔም ስድስቱንም ቪዲዮ ገመትኩ። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ለእታለም ሰባት ሰጠሁ። ምስጋና፣ ትንሽ ድካም።


መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ዳይሬክተሩ ከመጠይቁ ከታች ያሉትን ሰባት ነርሶች ከዋርድ አንስተው ካርድ ክፍል አስገቧቸው። «ሥልጠና እስኪያገኙ።» ደረቋም አለችበት። የአሥራ ሰባት ዓመት የቀዶ ጥገና ነርስ ፋይል ትደረድራለች።

ማትሮኗ፣ የነርሶቹ አለቃ፣ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። ሰላም አላለችኝም። «ዶክተር፣ ሌሊት ተረኛ የሚሆነኝ መጠይቅህ ነው?» ብላ አለፈች።

ጊዜያዊ መሆኑን ጽፌ ነበር።


መጋቢት 7፣ እሁድ

አባባ ቤት አልሄድኩም። ሥራ። እታለም «አታስብ፣ ሥራህን ሥራ» አለች። ድምፅዋ ደከም ያለ ነው፤ ጉንፋን ሳይሆን አይቀርም።


መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ሠላሳ ሦስት ነርሶች ጨርሰዋል። የቀሩት ካርድ ክፍል ያሉት ሰባቱ ናቸው፤ ነገ ይመጣሉ።

ጋሽ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ስሎ ጠራኝ። በአምስቱ ቪዲዮ እኔ ከመካከለኛው ትንሽ ከፍ ብያለሁ። ከዚያ የእታለምን አወጣ። የእርሷ መስመር በቀይ፣ የነርሶቹ በግራጫ፣ የእኔ በሰማያዊ።

ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ቀዩ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለት፣ ከዚያ አንድ። ከአሥራ ሁለቱ ደቂቃ ከሁሉም ዝቅ ያለው ቦታ እሱ ነው፤ አባባ ከወደቁበት ታሪክ እንኳ ያንሳል። ግራጫዎቹም አብረው ይወርዳሉ፣ ሠላሳ ሦስቱም፣ አንዱ ትንሽ ቀድሞ አንዱ ትንሽ ዘግይቶ። ሰማያዊው ብቻ ሰባት ላይ ተኝቶ ያልፋል።

«ይሄ ሰማያዊ ማነው?» አለኝ። እያወቀ ነው የጠየቀኝ።

«ምናልባት የማዞሪያው ችግር ይሆናል» አልኩት።

«በአምስቱ ሠርቶ በስድስተኛው ተበላሸ?»

ሳስበው እንዲህ ነው፤ እኔ ስለማውቃት ከቃሏ በላይ የሆነውን ነገር እገምታለሁ። እነርሱ ፊቷን ብቻ ነው የሚያዩት። ቅርበት ራሱ ስህተት ያመጣል፤ በሪፖርቱ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይወጣዋል።

ግን እርሷም ራሷ አንድ ላይ ነው ያደረገችው።

«ጥሩ ሰው ነው» ስትል አንድ ላይ።


መጋቢት 11፣ ሐሙስ፣ ቀትር

ልሄድ ስለሆነ በአጭሩ።

ደረቋ ስድስተኛውን ቪዲዮ ጨርሳ ከክፍሉ ስትወጣ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። «ዶክተር፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰችው ሴት ተኛች?»

«እንቅልፍ ማለትሽ ነው?» አልኩ።

እንደ ሕፃን አየችኝ። «መተኛት ነበረብኝ ስትል ምን ያለች መስሎዎት ነው? ሆስፒታል መተኛት ነው እንጂ። እጇን የት ላይ እንዳደረገች አላዩም? ስታወራ ሁሉ ብብቷን ነው የምትደግፈው። ቀኝ እጇን አንድም ጊዜ ከትከሻዋ በላይ አላነሳችም። እንዲህ ሆነው የሚመጡትን ስንቱን አይቻለሁ።»

«እህቴ ናት» አልኳት።

ወደ ውስጥ ገብታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሳምንት ሙሉ ነው ቀጠሮ ያሳለፉ ሰዎች ካርድ ስደረድር የቆየሁት። ካርድ ላሳይዎ አልችልም፣ በአባትዎ ስም የተመዘገበች ሴት ካርድ የለም ብዬም አልዋሽም። ሄደው እርሳቸውን ይጠይቁ። ዛሬ ይጠይቁ» አለች።

ስትወጣ፣ «እንዴት አወቅሽ ግን?» አልኳት። «ስሜት አይደለም» አለች። «ስላየሁ ነው።»


መጋቢት 11፣ ሐሙስ፣ ማታ

በሩን የከፈተችልኝ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ ነው። «ምነው? ዛሬ ሐሙስ አይደል እንዴ?» አለች። ደንግጣ ነው። ሐሙስ ቀን ስመጣ አንድ ሰው የሞተ መሰላት።

«እታለም፣ ብብትሽ ሥር ምንድነው ያለው?»

ወደ ኩሽና ገባች። ተከተልኳት። ውሃ ጣደች፣ መልሳ አወረደችው። «ጡቴ ላይ ነው የጀመረው» አለች፣ ምጣዱን ይሁን ግድግዳውን እያየች። «መስከረም ላይ። አሁን ብብቴም ደርሷል። ናሙና ወስደው ጥሩ አይደለም፣ ተኝተሽ መውጣት አለበት ብለዋል። ሁለት ጊዜ አልጋ ተያዘልኝ። ሁለቱንም ጊዜ ቀረሁ።»

«የት?»

«አንተ ጋ። ከቢሮህ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ያኔ ዞራ አየችኝ። የተቆጣች አይመስልም ነበር፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ነግሬሃለሁ» አለች። «ጥቅምት ላይ፣ እዚችው ቆመህ። ‹ሁለት ሳምንት መተኛት አለብኝ፣ ሰው እፈልጋለሁ› አልኩህ። ‹እውነትሽን ነው፣ እንቅልፍ ያንስሻል› አልከኝ። ከዚያ ሰዓትህን አየህ።»

አስታወስኩት። ቃል በቃል አስታወስኩት። ምክሬ ጥሩ መስሎኝ ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር።

«እና ዝም አልሽ?»

«ሁለተኛ መናገር ልመና ሆነብኝ።»

ከመኝታ ቤቱ አባባ «ነይ» አሉ። ሄደች። እኔ ኩሽናው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።


መጋቢት 14፣ እሁድ

ልብሴን በሁለት ሻንጣ ይዤ አባባ ቤት ገባሁ። የዓመት ፈቃዴን በሙሉ ወሰድኩ፤ ሪፖርቱን ከዚሁ ሆኜ እጨርሰዋለሁ። ማትሮኗ ለረቡዕ አልጋ አገኘችልኝ። እኔን ሳይሆን እታለምን ብላ ነው፤ ይህንንም ነግራኛለች።

እታለም ስታሠለጥነኝ ዋለች። አንሶላውን መሳቢያ አድርገህ፣ ጉልበትህን አልጋው ላይ አስደግፈህ፣ በወገብህ ሳይሆን በእግርህ። በየሁለት ሰዓቱ። ሾርባውን በትንሽ ማንኪያ፣ አገጫቸው ወደ ታች ሲሆን ብቻ፣ አለዚያ ሳንባቸው ይገባል። መድኃኒቱ ሰባት ዓይነት ነው። አራት መስሎኝ ነበር።

በመጀመሪያው ሙከራ አባባን ከግድግዳው ጋር አጋጨኋቸው። «አይ» አሉ። ልክ ናቸው።


መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ተኛች። በራሷ እግር ገባች፣ ትንሿን ቦርሳዋን እኔ ያዝኩላት። አልጋዋ መስኮት አጠገብ ነው። «አባባን ማን ይዟቸዋል አሁን?» አለች፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ። ጎረቤቷ ናት አልኳት፣ ሦስት ጊዜ።


መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ትናንት ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት። አራት ሰዓት ፈጀ። ቀኝ ጡቷን በሙሉ አወጡት፣ ከብብቷም ዕጢዎች አወጡ። ቀዶ ሐኪሙ ደኅና ነው፣ ነቅታለች አለኝ። ከዚያ፣ «በመስከረም ብትመጣ ሥራው ትንሽ ነበር» አለ። ማን እንደሆንኩ አያውቅም። ቢያውቅም የሚለው ያንኑ ነው።


መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ሁለት ጊዜ አንሶላ ቀየርኩ። ሾርባ ደፋሁ። ወገቤ።

አባባ ዛሬም «ነይ» ይሉኛል። ሌላ ቃል የላቸውም። «ና» የሚለው ቃል ከጠፋባቸው ስድስት ዓመት ሆነው፤ እኔ ግን የቱ ቃል እንደጠፋ እንኳ አስተውዬ አላውቅም። እሁድ ስመጣ እንዴት ነበር የሚጠሩኝ? አይጠሩኝም ነበር።

«ነይ» ሲሉኝ እሄዳለሁ።


መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ሪፖርቱን አስገባሁ። አርባ አንድ ረድፍ አለው፣ ስም የለበትም። የመጨረሻው ረድፍ «አጥኚው» ይላል፤ በመጠይቁ 92፣ በስድስተኛው ቪዲዮ ከአርባ አንድ አርባ አንደኛ። መጠይቁና ማዞሪያው ምን ያህል እንደሚዛመዱም አለበት። ጋሽ ቁጥር አስልቶ ሲያበቃ «ሁለቱ ጭራሽ አይተዋወቁም» ነበር ያለኝ። ደረቋ በማዞሪያው አሥራ ዘጠነኛ ናት፣ መሐል። ከሌሎቹ የምትበልጥ ወይም የምታንስ አይደለችም፤ በዚያ ቪዲዮ ላይ ግን የታመመ ሰው ያየችው እርሷ ብቻ ናት፤ ያን ደግሞ ከሁለቱ መለኪያዎቼ አንዱም አልያዘውም።

ዳይሬክተሩ ገልብጠው አዩት። «ራስህን ለምን አስገባህ?»

«ውጤቱን ያለ እኔ ማስረዳት ስላልቻልኩ።»

«እኔ የጠየቅኩህ ዝርዝር ነው።»

«የሰጠሁዎ ዝርዝር ስህተት ነው። ስሞቹን መስጠትም አልነበረብኝም፣ ለጥናት ብቻ ብዬ ነው ያስሞላኋቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰባቱን ይመልሷቸው።»

ሪፖርቱን ዘጉት። «ኮንትራትህ ሰኔ ላይ ነው የሚያልቀው አይደል? ያኔ እንነጋገራለን» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ይህንንስ ለመረዳት መለኪያ አላስፈለገኝም።

ከዚያ ካርድ ክፍል ወረድኩ። ሰባቱም ነበሩ። ምን እንዳደረግኩ በግልጽ ነገርኳቸው፣ ይቅርታም ጠየቅኩ። አንዷ ጀርባዋን ሰጠችኝ፤ ሁለቱ «እሺ» አሉ። ደረቋ ከመሰላሉ ላይ ሳትወርድ ፋይሏን እያስገባች፣ «እህትዎ የቁስሉ ቱቦ ወጣላቸው?» አለችኝ። ገና ነው አልኳት። «እጃቸውን ያንቀሳቅሱ፣ ይደርቅባቸዋል» አለች።


መጋቢት 29፣ ሰኞ

የምርመራው ውጤት መጣ። ከብብቷ ከወጡት ዕጢዎች ሦስቱ ውስጥ ተገኝቷል። ቀጥሎ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት፣ ለስድስት ወር። ሐኪሙ «ዘግይቷል፣ ግን አላለፈም» አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ያህል በአእምሮዬ አመላለስኩት። የመጀመሪያው ግማሽ የእኔ ነው።

ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። ምን እንደተሰማት አላውቅም። ስለ ሰው ስሜት አላውቅም ብዬ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።


ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ሰባቱ ነርሶች ወደ ዋርዳቸው ተመለሱ። የእኔ ሪፖርት አይደለም የመለሳቸው። ማትሮኗ የተረኞችን ሰሌዳ ባዶውን ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አኑራ «ይሙሉልኝ» ብላ ነው። ለምን እንደተነሱ ግን በማኅደራቸው ውስጥ ተጽፎ ቀርቷል። እንዲወጣ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ ሁለተኛም እጽፋለሁ።


ሚያዝያ 5፣ እሁድ

የመጀመሪያውን መድኃኒት እዚያው ተኝታ እንድትጀምር ብለው እታለምን ከሆስፒታል አላስወጧትም። ጎረቤቷ አባባ ዘንድ ተቀምጣልኝ ከቀትር በኋላ ሄድኩ።

ስገባ ትራሷን ደግፋ ተቀምጣ ነበር። «እንዴት ነሽ?» አልኳት።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ትጠይቀኛለህ» አለች። «ስድስት ዓመት። መልሱን ሳትሰማ ጫማህን ማሰር ትጀምራለህ።»

«እኔ እኮ...»

«ዝም በል። ዛሬ እኔ ነኝ የምናገረው።»

ዝም አልኩ። ተናገረች። ትምህርት ቤቱን ወዳ እንደተወችው ለሰው ሁሉ ስነግር መስማቷን፤ ወድዳ እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄያት እንደማላውቅ። የመጨረሻው ዕለት ተማሪዎቿ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፉላትን ለማንም ሳታሳይ ራሷ እንዳጠፋችው። አባባ በወደቁ በዓመቱ የሚያገባት ሰው መጥቶ እንደነበር፣ አባቴን ማን ሊይዝልኝ ነው ብላ እንደመለሰችው፣ የዚያን እሁድ እኔ መጥቼ ስለ መመረቂያ ጽሑፌ አንድ ሰዓት እንዳወራኋት። ቀጠሮዋን ያሳለፈች ዕለት ቢሮዬ ድረስ ወጥታ ስብሰባ ላይ ናቸው ተብላ ደረጃውን በእግሯ እንደወረደች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ከጎኗ ያሉት ታማሚ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩልን።

ሁለት ጊዜ ማስረዳት አምሮኝ ነበር። ምክንያቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጥሩ ምክንያትም ነበር። ዋጥኩት።

ያለችውን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ከአንዳንዱ ጋር ብቻዬን መሆን አለብኝ፤ አንዳንዱ ደግሞ የእርሷ ነው።

ሲደክማት ዝም አለች። ጉሮሮዋ ደርቆ ነበር። ብርጭቆውን አንስቼ በሌላ እጄ ጀርባዋን ደግፌ አጠጣኋት። ሹራቧ ሥር አጥንቷ ይቆጠራል። ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣች፣ አፏን በመዳፏ ጠረገች፣ አየችኝ።

«ገና አልጨረስኩም» አለች።

«እሺ» አልኳትና ወንበሩን አስጠግቼ ተቀመጥኩ።